ስለ ማን ማን ይናገር? ሃይማኖት፣ ቆጠራና የፖለቲካ ውክልና በብሪታንያ ሕንድ

አንድ ሰው የሌሎችን ሃይማኖት ስለተጋራ ብቻ በእነርሱ ስም ለመናገር ሥልጣን ይኖረዋልን? ይህ ጥያቄ በብዙ አገሮች ተነሥቷል፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 1947 (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብሪታንያ አገዛዝ ሥር በነበረችው ሕንድ ግን ከፈላስፎች እጅ ወጥቶ የፍርድ ቤት ክርክር፣ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ፣ የምርጫ ሕግ፣ በመጨረሻም የድንበር መስመር ሆነ። ስለዚህ ዘመን ሁለት የተለመዱ አተራረኮች አሉ። አንደኛው ሂንዱዎችና ሙስሊሞች ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሕዝቦች ስለነበሩ መለያየታቸው አይቀሬ ነበር ይላል፤ ሁለተኛው ጥፋቱን ሁሉ «ከፋፍለህ ግዛ» በሚለው የእንግሊዞች ዘዴ ላይ ይጥላል። የመጀመሪያው በአንድ መንደር፣ በአንድ ገበያና በአንድ የቅዱስ መቃብር ዙሪያ ለዘመናት አብረው የኖሩትን ይዘነጋል፤ ሁለተኛው ደግሞ የሕንድን መሪዎች የራሳቸው አሳብና ጥቅም የሌላቸው አሻንጉሊቶች ያደርጋቸዋል። ነገሩን ይበልጥ የሚያብራራው ቅኝ ገዥው መንግሥት «ስለ ሂንዱዎች የሚናገር ማን ነው? ስለ ሙስሊሞችስ?» ብሎ መጠየቁና አሳማኝ መልስ ላቀረበ ሰው መቀመጫ፣ ሹመትና ሕግ ማዘጋጀቱ ይመስላል። ጥያቄው አንዴ ዋጋ ከተቆረጠለት በኋላ የአንድ ሃይማኖት ተከታዮች መሪ ለመሆን ሃይማኖቱን ማወቅም ሆነ አጥብቆ መያዝ ግዴታ መሆኑ ቀረ።

የነገሩ ሥር ከምርጫ ሣጥን በፊት በችሎት ይገኛል። የቤንጋል ገዥ የነበረው ዋረን ሄስቲንግስ በ1772 ባወጣው የፍትሕ ዕቅድ፣ ውርስንና ጋብቻን በመሰሉ ጉዳዮች ሙስሊሞች በቁርኣን ሕግ፣ ሂንዱዎች ደግሞ በሻስትራ፣ ማለትም በሳንስክሪት በተጻፉት የሕግና የሥርዓት መጻሕፍት እንዲዳኙ ደነገገ። ዕቅዱ የአገሬውን እምነት ላለመንካት የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ማንኛውም ተከራካሪ ዳኛ ፊት ሲቀርብ አስቀድሞ ከሁለቱ ወገኖች የአንዱ ሆኖ መመዝገብ ነበረበት። በአካባቢው ልማድ የሚተዳደርና ከሁለቱም ወገን የቀሰመውን አዋሕዶ የሚኖር ሰው በዚህ አደረጃጀት ውስጥ የሚገባበት ዓምድ አልነበረውም።

በምዕራብ ሕንድ በንግድ የታወቁት ኾጃዎች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ጋብቻቸውንና ቀብራቸውን የሱኒ ሙላዎች ይፈጽሙላቸው ነበር፤ ውርሳቸው ግን እንደ ሂንዱዎች ልማድ ለሴት ልጅ ድርሻ አይሰጥም ነበር፤ በጸሎት ቤታቸው ከሚነበቡት ድርሰቶች በአንዱም የነቢዩ ሙሐመድ አማች ዓሊ፣ ሂንዱዎች የሚጠብቁት የቪሽኑ አምላክ አሥረኛ መገለጥ ሆኖ ይቀርባል። በ1847 የኾጃ ሴቶች ልጆች በቁርኣን መሠረት የአባታቸውን ርስት እንካፈል ብለው ቦምቤይ ሲከሱ ዳኛው ኧርስኪን ፔሪ ልማዱ ከመጽሐፉ ይበልጣል ብሎ ፈረደባቸው። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ከዚሁ ወገን የተነሡ ለውጥ ፈላጊዎች እኛ ሱኒዎች ስለሆንን ከፋርስ የመጣው አጋ ኻን በንብረታችን ላይ ሥልጣን የለውም ብለው ሌላ ክስ መሠረቱ። ዳኛ ጆሴፍ አርኑልድ ታሪካቸውን፣ መጻሕፍታቸውንና የጸሎት ሥርዓታቸውን አስቀርቦ ከመረመረ በኋላ በኅዳር 1866 ኾጃዎች የሺዓ እስማዒሊ ወገን ናቸው፤ አጋ ኻንም የዘር ሐረጉ የሚያጸናው ኢማማቸው ነው ሲል በየነ። ማኅበረሰቡ ለዘመናት ሳይቆርጥ ያቆየውን ጥያቄ እንግሊዛዊ ዳኛ በሰነድ ቆረጠለት። የዚህ አጋ ኻን የልጅ ልጅ በ1906 የመላ ሕንድ ሙስሊሞችን አቤቱታ ይዞ ይቀርባል፤ የፓኪስታን መሥራች ሙሐመድ ዓሊ ጂናህም የተወለደው ከኾጃ ቤተሰብ ነው። ከዚህ ሁሉ ስንቱ በአጋጣሚ የሆነ እንደሆነ መወሰን ቢያስቸግርም፣ ማንነት በክርክርና በማስረጃ እንደሚጸና ኾጃዎች ከብዙዎች ቀድመው ማየታቸው አያጠራጥርም።

ችሎቱ በግለሰቦች ላይ ያደረገውን የሕዝብ ቆጠራ በሚሊዮኖች ላይ አደረገው። ከ1871 እስከ 1872 በተካሄደው የመጀመሪያ አገር አቀፍ ቆጠራና ከዚያ በኋላ በየአሥር ዓመቱ በተከተሉት እያንዳንዱ ሰው ሃይማኖቱን እንዲናገር ተጠየቀ። ሕዝቡ የሚሰጠው መልስ ግን ሁልጊዜ ለቅጹ የሚመች አልነበረም፤ በ1911 በጉጃራት ወደ 200,000 የሚጠጉ ሰዎች ራሳቸውን «ሙስሊም ሂንዱ» ብለው ሲያስመዘግቡ ባለሥልጣናቱ ተቸገሩ። በዚያው ቆጠራ ዋዜማ ኮሚሽነሩ ኤድዋርድ ጌት ለክፍላተ ሀገር ኃላፊዎች ባስተላለፈው መመሪያ፣ ሂንዱ ተብለው ከሚቆጠሩት መካከል የብራህሚኖችን፣ ማለትም የካህናቱን ወገን የበላይነት የማይቀበሉ፣ ወደ ታላላቅ ቤተ መቅደሶች ውስጥ መግባት የማይፈቀድላቸው፣ በመንካታቸው ያረክሳሉ የሚባሉና የላም ሥጋ የሚበሉ ወገኖች ተለይተው እንዲገለጹ ጠየቀ። ለአንድ የቢሮ ሰው ይህ የመረጃ ማጥራት ሥራ ነው። ለሂንዱ መሪዎች ግን አስደንጋጭ ስሌት ነበር፤ ምክንያቱም በመንካት ያረክሳሉ ተብለው ከጉድጓድ ውሃና ከቤተ መቅደስ የተከለከሉት ሚሊዮኖች ከሂንዱነት መዝገብ ከተፋቁ የብዙኃኑ ቁጥር በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። እነዚህን ሰዎች ወንድሞቻችን ብሎ የመጥራት ትጋት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ መጨመሩ ከርኅራኄ በቀር ሌላ ምክንያት አልነበረውም ብሎ ማመን ያዳግታል።

በእርግጥ ሃይማኖታዊ መነቃቃቱ ከቆጠራ ቅጽ ብቻ አልተወለደም። ዳያናንዳ ሳራስዋቲ በ1875 ቦምቤይ ላይ የመሠረተው አርያ ሳማጅ ቬዳዎችን ብቸኛ የእምነት ምንጭ አድርጎ ጣዖትን የነቀፈ የተሐድሶ እንቅስቃሴ ነበር፤ ቆይቶም ወደ እስልምናና ወደ ክርስትና የገቡትን በመንጻት ሥርዓት ወደ ሂንዱነት የመመለስ ዘመቻ ጀመረ። በፑና ከተማ ባል ጋንጋዳር ቲላክና ጓደኞቹ በየቤቱ ይከበር የነበረውን የጋኔሽ በዓል ከ1893 ጀምሮ የአደባባይ ሰልፍ አደረጉት፤ ከዚያ በፊት በሙስሊሞቹ የሙሐረም ሰልፍ ላይ ከበሮ ይዘው ይወጡ የነበሩ ሂንዱዎችም ከእንግዲህ ወደ ራሳቸው በዓል እንዲዞሩ ተቀሰቀሱ። በዚያው ዓመት ላም ማረድን ለማስቆም በተነሣው ንቅናቄ ዙሪያ በሰሜን ሕንድ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1909 ደግሞ ዩ. ኤን. ሙከርጂ ካልካታ ላይ ባሳተመው ጽሑፍ የቆጠራውን አኀዝ እየደመረና እየቀነሰ ሂንዱዎች እየጠፉ ያሉ ዘር ናቸው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። አምላኪ ስለ ነፍሱ የሚጨነቅበት ቦታ ላይ የወገን ቁጥር መጨነቂያ ሆኖ ገባ።

በሙስሊሞች በኩል ክርክሩን ጥርት አድርጎ ያቀረበው ሳይድ አሕመድ ኻን ነው። በ1857 ከተነሣው ታላቅ ዓመፅ በኋላ የእንግሊዞች ጥርጣሬ በሙስሊም መኳንንት ላይ በበረታበት ጊዜ በ1875 ዓሊጋር ላይ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከፍቶ ወገኑን ከመንግሥት ጋር ለማስታረቅ ደከመ። የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስ የተባለው የፖለቲካ ድርጅት በ1885 ከተቋቋመ በኋላ ሙስሊሞች እንዳይገቡበት መከረ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ በእንግሊዝ አገር ምርጫ ሲሸነፍ የኖረ ፓርቲ ነገ ሊያሸንፍ የሚችለው መራጩ አሳቡን ስለሚለውጥ ነው፤ በሕንድ ግን መራጩ ድምፁን በሃይማኖቱ ከሰጠ ከአራት አንዱ የሆነው ወገን ዘላለም ተሸናፊ ይሆናል። ይህ ክርክር ከቀረበበት የመሳፍንት ንቀት ተለይቶ ቢታይ (ሳይድ አሕመድ ተራው ሕዝብ በመኳንንት ላይ መምረጡ ራሱ አይጥመውም ነበር) ዲሞክራሲን በሚመለከት እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ይዟል፤ የቁጥር ብልጫ ፍትሕ የሚሆነው ብዙኃኑና ንዑሳኑ ቦታ መለዋወጥ ሲችሉ ብቻ ነውና።

ጥቅምት 1 ቀን 1906 በአጋ ኻን ሦስተኛ የሚመሩ 35 የሙስሊም ታላላቆች ሲምላ ላይ በእንግሊዝ ንጉሥ እንደራሴ በሎርድ ሚንቶ ፊት ቀረቡ። የመሬት ከበርቴዎች፣ ባለማዕረጎችና የሕግ ሰዎች ነበሩ፤ ማንም መርጦ አልላካቸውም። የሙስሊሞች ድርሻ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በፖለቲካዊ ክብደታቸውና ለግዛቱ መከላከያ ባበረከቱት አገልግሎት እንዲመዘን፣ ተወካዮቻቸውንም ሙስሊሞች ብቻ እንዲመርጡ ለመኑ፤ ሚንቶም በመርህ ደረጃ ተቀበላቸው። ከመልእክተኞቹ መምጣት በፊት የዓሊጋር ኮሌጅ እንግሊዛዊ ርእሰ መምህር ከእንደራሴው ጸሐፊ ጋር ይጻጻፍ ስለነበር ጉዳዩ ሁሉ የታዘዘ ትርኢት ነው የሚል ሐሜት ተከትሎታል። ሆኖም በር የከፈተ ሰው እንግዳውን ፈጠረው አያሰኝም፤ ስጋቱ እውነተኛ ነበር፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዳካ የተመሠረተው ሙስሊም ሊግም በዚያ ስጋት ላይ ቆመ።

በ1909 በሞርሊና በሚንቶ ስም የሚታወቀው ማሻሻያ ይህን ልመና ሕግ አደረገው። ለሙስሊሞች በተለየ የመራጮች መዝገብ የሚሞሉ መቀመጫዎች ተመደቡ፤ በመዝገቡ ውስጥ ሙስሊሞች ብቻ ይመርጣሉ፤ ለምርጫ የሚቀርቡትም ሙስሊሞች ብቻ ናቸው። አሠራሩ በተወዳዳሪው ላይ የሚያደርገውን ማስተዋል ይገባል። አንድ ጠበቃ በጋራ መዝገብ ሲወዳደር የሌላውን ሃይማኖት ተከታይ ቢያንስ እንዳያስቀይም ይጠነቀቃል፤ በተለየ መዝገብ ሲወዳደር ግን ተቀናቃኙ የራሱ ወገን ስለሆነ ሊበልጠው የሚችለው እኔ ከእርሱ ይበልጥ ለእስልምና ተቆርቋሪ ነኝ በማለት ነው። ስለ መንገድ፣ ስለ ግብርና ስለ ትምህርት ቤት መነጋገር የሚችል ሰው ስለ መስጊድና ስለ በዓል ሰልፍ ይናገር ዘንድ ሕጉ ራሱ ይገፋው ነበር። ያም ሆኖ ኮንግረስ በ1916 ሌክናው ላይ ከሊግ ጋር ባደረገው ስምምነት ይህንኑ መዝገብ ተቀበለ፤ ስምምነቱን ካቀነባበሩት አንዱ በዚያን ጊዜ የሂንዱና የሙስሊም አንድነት አምባሳደር እየተባለ ይወደስ የነበረው ጂናህ ነው።

ሃይማኖት በአደባባይ ያለውን ጉልበት ለፖለቲከኞች ያሳየው በ1913 በካንፑር የደረሰው ነገር ነው። የከተማው አስተዳደር መንገድ ለማስፋት የአንድ መስጊድ የውዱእ ቦታ፣ ማለትም ሰጋጆች እጅና እግራቸውን የሚታጠቡበትን ክፍል አፈረሰ፤ ባለሥልጣናቱ ከመስጊዱ አካል አይቆጠርም ብለው ነበር። ነሐሴ 3 ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ ጡቡን መልሶ መካብ ሲጀምር ፖሊስ ተኮሰ፤ ሰዎችም ሞቱ። በመጨረሻ እንደራሴው ሎርድ ሃርዲንጅ ራሱ መጥቶ የማስታረቂያ አሳብ አቀረበ፤ መታጠቢያው ከፍ ብሎ እንዲሠራና እግረኛ ከሥሩ እንዲያልፍ ተደረገ። አንድ የመታጠቢያ ክፍል የጠራው ሕዝብ ብዛት የትኛውም የኮንግረስ ውሳኔ ጠርቶት አያውቅም ነበር። ጋንዲና የዓሊ ወንድማማቾች ከ1919 ጀምሮ የኺላፋ ንቅናቄን፣ ማለትም የቱርኩ ሱልጣን የሙስሊሞች ኸሊፋነቱን እንዳያጣ የተደረገውን ትግል ሲመሩ ይህን ጉልበት በሙሉ ተጠቀሙበት። ሂንዱዎችና ሙስሊሞች ያንን ያህል አብረው የቆሙበት ጊዜ ከዚያ በኋላ አልመጣም፤ ነገር ግን ኅብረቱ የተገነባው ሁለቱ ወገኖች እንደ ሁለት ወገን በመገናኘታቸው ላይ ነበር። በመጋቢት 1924 የቱርክ ምክር ቤት ራሱ ኸሊፋነቱን ሲሽረው የጋራው ጉዳይ ተነነ፤ የወገን አደረጃጀቱ ግን ቀረ። ሃይማኖትን ከፖለቲካ መደባለቅ አደገኛ ነው ብሎ የተቃወመውና በ1920 ኮንግረስን የለቀቀው ጂናህ መሆኑ ከኋለኛው ታሪክ አንጻር ሲታይ የሚያስገርም ነው።

የጋንዲ አቋም ከማንም ይበልጥ ውስብስብ ነው። ሃይማኖትና ፖለቲካ አይለያዩም ብሎ ያምናል፤ በ1931 በለንደኑ የክብ ጠረጴዛ ጉባኤ ላይ ኮንግረስ የመላው ሕንድ አፍ ነው ሲል ተከራክሯል፤ የናፈቀውን ፍትሐዊ አገዛዝ ግን የሚጠራው በራማ አምላክ ስም ነበር፤ ሙስሊም አድማጩ በዚህ ስም ውስጥ ራሱን ለማግኘት ቢቸገር አይፈረድበትም። የዚህ አቋም ፈተና ግን በመጀመሪያ የመጣው ከሙስሊሞች ሳይሆን በመንካት ያረክሳሉ የሚባሉት ወገኖች መሪ ከነበረው ከቢ. አር. አምበድካር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ራምሴይ ማክዶናልድ በነሐሴ 1932 ባወጣው ውሳኔ አይነኬ ለሚባሉት ወገኖች የተለየ መራጭነት ሲፈቅድ፣ ጋንዲ በየራቭዳ እስር ቤት መስከረም 20 እስከ ሞት የሚደርስ ጾም ጀመረ። ለሙስሊሞች የተፈቀደውን ለእነዚህ የከለከለው የሂንዱን አካል ይቆርጣል ብሎ ነው። አምበድካር በበኩሉ በቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ እንዲቆም የማይፈቀድለትን ሰው የአካሉ ክፍል ነው ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር። አገሩ ሁሉ የጋንዲን ትንፋሽ በሚቆጥርበት ሰዓት እምቢ ማለት አልቻለም፤ መስከረም 24 በፑና ስምምነት የተለየው መዝገብ ቀርቶ በማክዶናልድ ውሳኔ በተመደቡት 71 መቀመጫዎች ፋንታ 148 የተጠበቁ መቀመጫዎች ተሰጡ። መቀመጫው በዛ፤ ሆኖም ማን እንደሚቀመጥበት የሚወስነው በአብዛኛው የሌላው ሂንዱ ድምፅ ሆነ። በዚህ ክርክር ውስጥ ሚዛኑ ወደ አምበድካር ያደላል፤ ጾም ሕሊናን ሊያነቃ ይችላል፤ የተወካዩን ፈቃድ ግን ሊተካ አይችልም።

በዚህ ዘመን ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ሃይማኖትን የፖለቲካ ዓርማ ያደረጉት ሰዎች ራሳቸው በአምልኮ የማይታወቁ መሆናቸው ነው። ቪናያክ ዳሞዳር ሳቫርካር በ1923 ስለ ሂንዱነት ባሳተመው መጽሐፍ ሂንዱ ማለት ሕንድን የአባቶቹ ምድርና የተቀደሰ ምድሩ አድርጎ የሚቆጥር ነው አለ፤ ራሱ ግን ለአምልኮ ሥርዓት ደንታ አልነበረውም፤ ላምንም እንደ ቅዱስ አያይም። በዚህ ፍቺ ሲክና ቡድሃዊ ሂንዱ ሲሆን፣ ዐይኑን ወደ መካ ወይም ወደ ኢየሩሳሌም የሚያዞር ሰው በተወለደበት አገር እንግዳ ይሆናል። ሕንድ ውስጥ ሁለት ብሔሮች አሉ ብሎ በ1937 ሂንዱ ማሃሳብሃ በተባለው የሂንዱ ብሔርተኞች ድርጅት ጉባኤ የተናገረውም ሳቫርካር ነው፤ ሊግ ላሆር ላይ በመጋቢት 1940 ለሙስሊሞች የተለየ አገር የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ጂናህ በበኩሉ በለንደን የተማረ፣ በእንግሊዝኛ የሚከራከርና ፓርሲ ያገባ ጠበቃ ነበር። ሁለቱም ሃይማኖትን የተጠቀሙበት ሕዝብን እንደሚወስን ድንበር ነው፤ በድንበሩ ውስጥ ስላለው ጸሎት ብዙም አልተናገሩም።

በአንጻሩ መካ ላይ የተወለደውና ቁርኣንን የተረጎመው አቡል ከላም አዛድ ከ1940 እስከ 1946 የኮንግረስ ፕሬዚዳንት ነበር፤ ሊግ ላሆር ላይ በተሰበሰበበት ወር ራምጋር ላይ ባሰማው ንግግር በሙስሊምነቱም በሕንዳዊነቱም እንደሚኮራና አንዱን ለሌላው እንደማይሸጥ ገለጸ። የዴዎባንድ መድረሳ ታላቅ መምህር ሑሴን አሕመድ መዳኒም በ1938 ባወጣው መጽሐፍ ነቢዩ ሙሐመድ መዲና ላይ ከአይሁድ ጋር የገቡትን ቃል ኪዳን ጠቅሶ፣ ሙስሊሞች ከሌላ እምነት ተከታዮች ጋር አንድ ብሔር መሆን ይችላሉ ሲል አስተማረ። ይህን አሳብ ገጣሚውና ፈላስፋው ሙሐመድ ኢቅባል አጥብቆ ነቅፎት ነበር፤ ለኢቅባል የሙስሊሙን ኅብረት የሚያጸናው መሬት ሳይሆን ሕግና እምነት ነው። የኢቅባል ተቃውሞ ጥልቀት አለው፤ እምነት የሕይወት ሁሉ መመሪያ ከሆነ በአገር ወሰን ሊታጠር አይገባም። ሆኖም ከዚህ ክርክር የሚወጣው የፖለቲካ መደምደሚያ ኢቅባል እንዳሰበው ቀጥተኛ አልነበረም፤ አቡል አዕላ መውዱዲ ይህንኑ መነሻ ይዞ የሊግ መሪዎች ኢስላማዊ መንግሥት ሊመሠርቱ የሚችሉ አይደሉም ብሎ ተቃውሟቸዋልና። ዑለማዎቹም አንድ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ሻቢር አሕመድ ዑስማኒን የመሰሉ የዴዎባንድ ሊቃውንት በኋላ ከሊግ ጎን ቆመዋል።

ሊቃውንቱ በተከራከሩበት ጉዳይ ውሳኔ የሰጠው የምርጫ ስሌት ነው። በ1937 ሊግ ከሙስሊሙ ድምፅ ከ5 በመቶ ያነሰ አገኘ። ፑንጃብን የሙስሊም፣ የሂንዱና የሲክ ባለመሬቶች የተባበሩበት ዩኒየኒስት ፓርቲ ያስተዳድር ነበር፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በሰሜን ምዕራቡ የድንበር ክፍለ ሀገርም የዓብዱል ገፋር ኻን ተከታዮች ከኮንግረስ ጋር ነበሩ። ኮንግረስ ግን ድሉን ሲያጣጥም በሰሜን ሕንድ በነበረው «የተባበሩት ክፍላተ ሀገር» በተባለው ግዛት ሥልጣን ለሊግ ለማካፈል አልፈለገም፤ ሳይድ አሕመድ የተናገረው ስጋት ለብዙ የተማሩ ሙስሊሞች ትንቢት መሰለ። በ1945 እንደራሴው ዌቭል ሲምላ ላይ የጠራው ጉባኤ የፈረሰው ጂናህ ሙስሊም ሚኒስትሮችን ሁሉ የሚሰይመው ሊግ ብቻ ነው በማለቱ ነው፤ በጠረጴዛው ዙሪያ አዛድ የኮንግረስ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተቀምጦ ነበር። በቀጣዩ ምርጫ የዓሊጋር ተማሪዎች በየመንደሩ ተሠማሩ፤ በፑንጃብ የቅዱሳን መቃብር ጠባቂ የሆኑት ፒሮች ተከታዮቻቸው ለሊግ እንዲመርጡ መከሩ፤ ሊግም በማዕከላዊው ምክር ቤት ለሙስሊሞች የተመደቡትን 30 መቀመጫዎች ሁሉንም ወሰደ። የመምረጥ መብት በንብረት፣ በግብርና በትምህርት የተገደበ ስለነበር አብዛኛው ሙስሊም ድምፅ አልሰጠም። ሂንዱዎችና ሙስሊሞች ከተጋደሉበት ከነሐሴ 1946 የካልካታ እልቂት በኋላ ግን ማንም በመረጡትና ባልመረጡት መካከል ያለውን ልዩነት ለማስላት ጊዜ አልነበረውም፤ በ1947 ክፍፍል ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ተሰደደ፤ የሟቹም ቁጥር በመቶ ሺዎች የሚገመት ነው።

ጂናህ ነሐሴ 11 ቀን 1947 ካራቺ ላይ ለፓኪስታን ሕገ መንግሥት ጉባኤ ሲናገር የዜጎች እምነት የመንግሥት ጉዳይ እንዳልሆነ አስታወቀ፤ ለሊግ ከሁሉ ይልቅ የተቆረቆሩት የተባበሩት ክፍላተ ሀገር ሙስሊሞች ግን አዲሱ አገር አላካተታቸውም፤ በሕንድ ውስጥ ያለ ሊግ ቀሩ። ሕንድ በ1950 ሕገ መንግሥቷ የተለየውን መዝገብ ትታ አይነኬ ለተባሉት የተጠበቁ መቀመጫዎችን ይዛ ቀጠለች። በፓኪስታን በተቃራኒው በ1906 ንዑሳኑ እንደ መከላከያ የለመኑት መሣሪያ በብዙኃኑ እጅ ገባ፤ በወታደራዊው ገዥ በጄኔራል ዚያ ዘመን በ1985 ሂንዱዎችና ክርስቲያኖች በተለየ መዝገብ እንዲመርጡ ተደረገ፤ የእነርሱን ድምፅ የማይፈልግ ተወዳዳሪም ወደ መንደራቸው መሄድ ተወ። በ2002 መዝገቡ ሲዋሐድ አሕመዲያዎች ብቻ በሌላ ዝርዝር ቀሩ፤ እነዚህን የፓኪስታን ምክር ቤት በ1974 ሙስሊሞች አይደሉም ብሎ ወስኖባቸው ነበር። በ1947 በፑንጃብ የድንበር ኮሚሽን ፊት የሙስሊም ሊግን ጉዳይ የተከራከረውና የፓኪስታን የመጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሙሐመድ ዘፍሩላህ ኻን አሕመዲያ ነበር።